የቪትዝ የፊት ስፒከር ልቀይር ወይስ ከኋላ ልጨምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ሥራዬ መገናኛ። የምነዳው 2007 ሞዴል ቪትዝ ነው። ባለፈው ዓመት የፋብሪካውን ቴፕ አስወጥቼ ባለ ስክሪን አንድሮይድ ቴፕ አስገባሁ። ስፒከሮቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ድምፁን ከግማሽ በላይ ስከፍተው ይሰነጠቃል፤ ባዝ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። አንዱ የዲኮር ቤት ልጅ «ከኋላ ሁለት ሞላላ 6 በ 9 ኢንች ስፒከር ስቀልበት፣ በቃ» አለኝ። ሌላው «የፊቶቹን ቀይር» ይለኛል። ሳጥኖቹ ላይ 300 ዋት፣ 500 ዋት የሚል አየሁና ጭራሽ ግራ ገባኝ። የትኛውን ልግዛ? ራሴስ መግጠም እችላለሁ? ካቻቢቴ መያዝ አይከብደኝም።

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የፊቶቹን ቀይር። ከኋላ ምንም አትስቀል። ግን ብርህን ሁሉ ስፒከር ላይ አትጨርስ። ከያዝከው ሲሶውን፣ ከቻልክም ግማሹን ለበሩ አስቀር። ለበሩ ስልህ ለበሩ ብረት ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ጥሩ በር ላይ የተገጠመ መካከለኛ ስፒከር፣ ክፍት በር ላይ የተገጠመውን ውድ ስፒከር ሁልጊዜ ያስንቀዋል።

ከኋላ ስለተባለው ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ድምፅ ከፊት ሲመጣ ነው ዘፋኙ ፊትህ የቆመ የሚመስለው። የቪትዝ የኋላ መደርደሪያ ስስ ነው። ከባድ ማግኔት ያለው ስፒከር ሲሰቀልበት ራሱ መደርደሪያው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የኋላውን በር በከፈትክ ቁጥር አብሮ ይነሳል፤ ሽቦው እየታጠፈ እየተዘረጋ አንድ ቀን ይበጠሳል። ከተሳፋሪ ራስ ጀርባ ከባድ ነገር እንዲሁ ተቀምጦ ድንገተኛ ፍሬን ቢያዝስ? ይሄ አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ በመስታወት በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ መንገድ ዳር የሚያቆም ሰው ይህን ያስብበት።

አሁን ወደ ፊቱ እንምጣ። ከመግዛትህ በፊት አንድ ምሽት ለምርመራ ስጥ። ሞተሩን አስነሳ። የቴፑን ኢኳላይዘር ሁሉንም ዜሮ አድርገው። ባዝ ቡስት፣ ላውድነስ፣ ሰራውንድ የሚል ነገር ካለ አጥፋው። ከዚያ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ አምጣ። በመጀመሪያ ግራውን ብቻ፣ ቀጥሎ ቀኙን ብቻ ስማ። ስንጥቁ ከአንድ በር ብቻ ከመጣ ያ ስፒከር ሞቷል። ሁለቱም በአንድ የድምፅ መጠን ላይ መሰንጠቅ ከጀመሩ ግን ጥፋቱ የስፒከሩ ላይሆን ይችላል፤ ቴፑ አቅሙ አልቆበታል። ባዝ የጎደለው ስፒከር ሲኖር ሰው ባዝ ቡስቱን ይለጥጠዋል። ቴፑ ያችን ያለችውን ጉልበት ባዝ ላይ ይጨርስና ዘፋኙ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። አንተ የነገርከኝ ምልክት ይህንን ይመስላል።

የመኪናህን ዕድሜም አትርሳ። የፋብሪካ ስፒከር ወረቀቱ፣ ማለትም የሚንቀሳቀሰው ፊቱ፣ ከጨርቅ ወይም ከፎም ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ፎም ከሆነ በፀሐይና በእርጥበት ይፈረካከሳል። ሽፋኑን ስታወልቅ በጣትህ ቀስ ብለህ ንካው። ዱቄት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥያቄ መብዛቱ አይገርመኝም።

የዋቱን ነገር እንፍታው። የቴፕህ ሳጥን ላይ «50 ዋት በ 4» ሳይል አይቀርም፤ ለአራት ስፒከር ለእያንዳንዱ 50 ማለቱ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሞተር ሲነሳ የባትሪው መስመር 14.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። ቴፑ ውስጥ ያለው ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ቮልት አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ነው የሚጠቀመው። የሞገዱን ጫፍ ወደ አማካዩ ለማውረድ 14.4ን ለ1.41 አካፍል፤ 10.2 ይመጣል። 10.2ን በራሱ አባዛው፤ 104 ገደማ። ይህን ለስፒከሩ 4 ኦም አካፍለው፤ 26 ዋት። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም ነው። ይህም ምንም ብክነት ባይኖር ነው። በተግባር ድምፁ ሳይበላሽ የምታገኘው ከ15 እስከ 20 ዋት ባለው መካከል ነው። ታዲያ 50 ዋት ከየት መጣ? ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተቆራርጦ፣ ጆሮ የማይችለው ሆኖ ለቅጽበት ሲለካ ነው።

ስፒከሩም ላይ ያው ነው። ስፒከር ዋት አይሰጥም፤ ይቀበላል። በትልቁ የተጻፈው 300 ዋት ለአንዲት ቅጽበት የሚችለው ነው ተብሎ የተጻፈ ነው። አንተ የምትፈልገው በትንሽ ፊደል አርኤምኤስ ወይም ኖሚናል ተብሎ የተጻፈውን፣ ሳያቋርጥ የሚችለውን ነው። ሳጥኑ ላይ 300 የሚል ስፒከር ከሥሩ 40 ወይም 50 ብታነብ አትደንግጥ። ለአንተ ቴፕ ከበቂ በላይ ነው። ሳጥኑ ላይ ይህ ትንሹ ቁጥር ጭራሽ ከሌለ ግን እዚያው ትተኸው ውጣ።

ከዋቱ ይልቅ የሚጠቅምህ ሌላ ቁጥር አለ። ሴንሲቲቪቲ ይባላል፤ የሚለካው በዴሲቤል ነው። 1 ዋት ሰጥተኸው 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው፤ 86፣ 89፣ 92። ልዩነታቸው ግን የዋዛ አይደለም። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግማሽ ጉልበት ይበቃሃል። 92 ያለው ስፒከር በ15 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ 86 ያለው ለማውጣት 60 ዋት ይጠይቃል። ያን ደግሞ ቴፕህ የለውም። ስለዚህ ያለ አምፕ የምትሠራ ከሆነ ከ90 በላይ ያለውን ፈልግ። አንዳንድ ውድ ስፒከሮች ይህ ቁጥራቸው ዝቅተኛ ነው። የተሠሩት ከአምፕ ጋር እንዲሠሩ ነውና አንተ ጋ ሲመጡ ያንቀላፋሉ። ብዙ ሰው «በዚህ ዋጋ ገዝቼ የድሮው ይሻለኝ ነበር» የሚለው በዚህ ነው።

አንድ ጨዋታ እግረ መንገዴን ላንሳ። ለገጣፎ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ስፒከር የሚገፋው አየር ስለሆነ፣ ወረቀቱ እኩል እየተንቀሳቀሰም ድምፁ ወደ 2 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጂቡቲ ላይ የተሰማው ያው መኪና እዚህ ትንሽ ዝግ ይላል ማለት ነው። ለዚህ ብለህ የምትለውጠው ነገር የለም። ግን ሁለት እኩል የሚመስሉ ስፒከሮች ፊትህ ሲቀርቡ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለውን አንሳ።

ኦሙን በተመለከተ፣ 4 ኦም ግዛ። አንዳንዶቹ 3 ኦም ናቸው፤ ደህና ቴፕ ይችላቸዋል። 2 ኦም የሚሉ አሉ። እነሱ ከቴፑ ብዙ ከረንት ይጎትታሉ። የቴፕህ ወረቀት 2 ኦም እችላለሁ ካላለ ተዋቸው። ርካሽ ቴፕ በሙቀት ራሱን ያጠፋል፤ አንዳንዴም ተመልሶ አይበራም። ሱቅ ውስጥ ቴስተር ካገኘህ በስፒከሩ ሁለት እግሮች ላይ አድርገው። 4 ኦም የተባለው ከ3.2 እስከ 3.8 ገደማ ያነባል፤ ያ ትክክል ነው። ሁለቱን ስፒከር ለካ። ተቀራራቢ ካልሆኑ አንዱ ችግር አለበት።

አሁን መጠኑ። ለፊት በር የምትፈልገው ባለ 6.5 ኢንች ነው፤ 16.5 ሴንቲሜትር ተብሎም ይጻፋል። ነገር ግን ሳትለካ አትግዛ። የበሩን ሽፋን መጀመሪያ አውልቀህ ያለውን እየው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የፋብሪካው ስፒከር ከፕላስቲክ ማቀፊያው ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሠራው። ማቀፊያው ራሱ ስፒከሩን ከብረቱ አርቆ ያስቀምጠዋል። እሱን አውጥተህ አዲሱን ክብ ስፒከር ብረቱ ላይ በቀጥታ ብታስቀምጥ ወይ ቀዳዳው ይሰፋበታል፣ ወይ ማግኔቱ መስታወቱን ይነካል። ስለዚህ መሃል የሚገባ ቀለበት ያስፈልግሃል።

መስታወቱ ትልቅ ነገር ነው። መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርድ። ከዚያ ከበሩ ብረት እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካ። የስፒከሩ ሳጥን ላይ የመግጠሚያ ጥልቀት የሚል ቁጥር አለ። ከ45 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ያሉት ብዙ ናቸው። ጥልቀቱ ከለካኸው ርቀትና ከቀለበቱ ውፍረት ድምር ቢያንስ በ5 ሚሊ ማነስ አለበት። ወደ ውጭም ተመልከት። ቀለበቱ ከወፈረ ስፒከሩ የሽፋኑን ወንፊት ይገፋል።

ቀለበቱ ከምን ይሠራ? ሠፈርህ ያለ አናጺ ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ ከሚሠራ ጣውላ) ቆርጦ ሊሰጥህ ይችላል። አልመክርህም። የመኪና በር ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወርዶ በበሩ ውስጥ አልፎ ከሥር ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ኤምዲኤፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ቪቴው ይለቃል። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ቀለበት ፈልግ። ከጠፋ ጥሩ ኮምፔንሳቶ አስቆርጠህ ጠርዙን ጨምሮ ሁሉንም ገጽታ ሁለት ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀባው።

ኮአክሲያል ወይስ ኮምፖነንት ሳትለኝ አትቀርም። ኮአክሲያል ማለት ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትልቁ ስፒከር መሃል ላይ የተቀመጠበት ነው። ኮምፖነንት ትዊተሩ ለብቻ፣ ትልቁ ለብቻ፣ መሃል ላይ ድምፁን የሚከፋፍል ትንሽ ሳጥን ያለው ነው። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የ10,000 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በርህ ላይ ያለው ስፒከር ደግሞ ወደ ጉልበትህ ነው የሚያየው። ስለዚህ ትዊተሩ ከፍ ብሎ ወደ ጆሮ ሲያይ ድምፁ ይከፈታል፤ ዘፋኙም ከእግርህ ሥር ይነሣና ዳሽቦርዱ ላይ ይቆማል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። መኪናህ በጎን መስታወቱ ውስጠኛ ጥግ ወይም በዳሽቦርዱ ጫፍ የትዊተር ቦታ ካለው ኮምፖነንት ግዛ። ቦታው ከሌለና መብሳት ካላማረህ ደህና ኮአክሲያል ይበቃሃል፤ ትዊተሩ የሚዞር ከሆነ ወደ ላይ አዙረው። የፋብሪካ ትዊተር ቀድሞ ካለ አዲሱን ስትገጥም እሱን ንቀለው። ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ከቀሩ ኦሙ ይወርዳል፤ ድምፁም ይሻክራል። ትዊተርን በፊት መስታወት ምሰሶ ላይ መትከል የሚወዱ አሉ። ምሰሶው ላይ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያ አትንካ። ከሽፋኑ ጀርባ የተጠቀለለ ኤርባግ አለ። ሲፈነዳ ትዊተሩን ፊትህ ላይ ነው የሚያመጣው።

ግዢው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ወይም ሠፈርህ ያለ ዲኮር ቤት ሊሆን ይችላል። ስም ያላቸው የጃፓን ማርኮች ተመሳስለው ይሠራሉ። ማርኩን አይተህ አትግዛ፤ ዕቃውን አንሳው። ሳጥኑ ላይና ማግኔቱ ጀርባ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር አንድ መሆኑን እይ። ያንን ቁጥር ስልክህ ላይ ፈልገህ ከአምራቹ ገጽ ፎቶ ጋር አስተያይ። ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት እኩል ጫን አድርገህ ልቀቀው። ያለምንም ድምፅ መመለስ አለበት። የሚፋቅ ነገር ከሰማህ ውስጡ ያለው ጥቅል ማግኔቱን እየነካ ነው። ባለሱቁ ቴፕ ላይ አድርጎ ያሰማህ ይሆናል። እዚያ የምትሰማው ግን ስለ በርህ ምንም አይነግርህም።

እነሆ ወደ በሩ ደረስን። ስፒከር ወረቀቱን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል። በዚያችው ቅጽበት ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል። የፊቱና የኋላው ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ቀጭን ድምፅን ይህ ብዙ አይጎዳውም። ባዝን ግን ይጨርሰዋል። የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ይረዝማል። ለእንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ በበሩ ብረት ላይ ያለች መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ሰፊ መውጫ ናት። ከፊት የወጣው ባዝ ከኋላው ጋር በዚያ ይገናኝና ሁለቱም ይከስማሉ። «ባዝ የለውም» ያልከው ስፒከሩ ስላላወጣው ሳይሆን ጆሮህ ጋ ሳይደርስ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል።

የውስጥ ሽፋኑን ስታወልቅ ብረቱ ወንፊት ሆኖ ታገኘዋለህ። እጅ የሚያስገቡ ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ የመስታወት ማንሻው የገባው በእነሱ ነው። በላያቸው ስስ ላስቲክ ተለጥፏል። ላስቲኩ ውሃ ወደ ሽፋኑ እንዳያልፍ የተደረገ ነው። ለድምፅ ምንም አይሠራም። በዚህ ዕድሜ ላይ ደግሞ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ዕድለኛ ነህ። አንድ መካኒክ መስታወት ሊሠራ ቀዶት፣ በፕላስተር ደፍኖት ይሆናል፤ ጭራሽ ጥሎትም ይሆናል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቀዳዳዎቹ እጅህን አስገብተህ የውጭውን ብረት ከውስጥ በኩል አጽዳ። በበጋ የኮረኮንች አቧራ እዚያ ተጋግሮ ነው የምታገኘው። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ ቀጥሎ በአልኮል። ካላጸዳኸው የምትለጥፈው ነገር ከወር በኋላ ይወርዳል። ከዚያ ባለ አሉሚኒየም የቡቲል ንጣፍ (የሚጣበቅ ወፍራም ጎማ መሰል ነገር) ለጥፍበት። መሃሉን ያዝ፤ በተለይ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን። ሁሉንም መሸፈን አይጠበቅብህም። ከሩብ እስከ ግማሽ ከተሸፈነ ብረቱ መጮኹን ያቆማል። በትንሽ ሮለር ወይም በማንኪያ ጀርባ አጥብቀህ ጫነው። በጣትህ ኳ ኳ አድርገው። የቆርቆሮ ድምፅ ቀርቶ ደፍ ደፍ ሲል በቂ ነው።

ቀጥሎ የውስጠኛው ብረት። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በቡቲል ድፈን። ትልልቆቹን በንጣፍ ብቻ አትሸፍናቸው፤ ንጣፉ ለስላሳ ስለሆነ አብሮ ይተነፍሳል። ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ በልኩ ቆርጠህ ዙሪያውን ቡቲል አድርገህ በቪቴ እሰረው። በቪቴ ያልኩህ ለነገ ነው። የመስታወት ማንሻው ሲበላሽ መካኒኩ በዚያ ነው የሚገባው። ለዘላለም ከዘጋኸው በካቻቢቴ ይቀደዋል፣ አንተም ከዜሮ ትጀምራለህ።

ሁለት ነገር አደራ። በበሩ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አትድፈን። ከጨረስክ በኋላ ሽፋኑን ሳትመልስ የተዘጋው መስታወት ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስስና ከሥር ሲወጣ ተመልከት። ካልወጣ በሩ ውስጥ ኩሬ እየሠራህ ነው፤ ዝገቱ ይከተላል። ሁለተኛ፣ ከቡቲል ይረክሳል ብለው የጣሪያ ሬንጅ ንጣፍ የሚለጥፉ አሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሬንጅ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይሸታል። ሽታው ለሳምንታት ላይለቅህ ይችላል። ስፖንጅም በር ውስጥ አታስገባ። ውሃ ይዞ ይቀመጣል።

ራስህ መግጠም ትችላለህ ወይ? ትችላለህ። ዝናብ የሌለበት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያዝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ቴስተርና ሶልደር ማድረጊያ ወይም የሽቦ መቆንጠጫ ይበቃሃል። ቪቴዎቹ ብዙ ጊዜ ከውስጥ እጀታው ጀርባና ከመጎተቻው ጉድጓድ ውስጥ በክዳን ተሸፍነው ይገኛሉ። እነሱን ካወጣህ በኋላ ሽፋኑ በዙሪያው በፕላስቲክ ክሊፕ ነው የተያዘው። ከሥር ጀምረህ ፈልቅቀው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ አንሳው። የመስታወት ማዘዣውን ሶኬት ሳትነቅል አትጎትት። ክሊፖች ስለሚሰበሩ አስቀድመህ የተወሰኑ መለዋወጫ ግዛ። የተሰበረ ክሊፕ ይዘህ ብትገጥም የኮብልስቶን መንገድ ላይ በሩ ሲንኮሻኮሽ ታገኘዋለህ።

የፋብሪካው ስፒከር በሪቬት ተይዞ ከሆነ ሪቬቱን በትራፓኖ ብሳው። ፑንታው የሪቬቱን አናት እንዲያወጣ እንጂ ብረቱን እንዲያሰፋ አይደለም። የሚረግፈውን የብረት ብናኝ በማግኔት ለቅመህ አውጣ። ካልለቀምከው አንድም ይዝጋል፣ አንድም አዲሱ ስፒከር ማግኔት ላይ ሄዶ ይለጠፋል። የተላጠ ብረት ካለ ፀረ ዝገት ቀባው።

ሽቦ ላይ አትቸኩል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የግራው የፊት ስፒከር ሽቦ ሮዝና ሐምራዊ ነው፤ ሮዙ ፖዘቲቭ። የቀኙ ቀላል አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ አረንጓዴው ፖዘቲቭ። ነገር ግን መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ፣ ወይም ቴፕ ሲቀየር ሽቦ ተቆራርጦ ከሆነ፣ ቀለም አትመን። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰድ። ቴፑን ከሶኬቱ ንቀል፤ ይህን አትዝለል። ከዚያ በሶኬቱ በኩል ሁለቱን ሽቦ ባትሪው ላይ ለቅጽበት ንካ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ በሮች አንድ ዓይነት ካልሆኑ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባዙም መሃል ላይ ይጠፋል። ይህ ስሕተት ከምታስበው በላይ የተለመደ ነው። የሚታረመውም ሁለት ሽቦ በማቀያየር ብቻ ነው።

ሽቦውን ጠምዝዘህ በናስትሮ አትጠቅልል። በር ውስጥ እርጥበት ስላለ ናስትሮው ይለቃል። ሶልደር አድርገህ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሰው፤ ካልሆነም በደህና መቆንጠጫ ያዘው። ስፒከሩን ቀለበቱ ላይ ስታስር ከሥሩ ስስ የፎም ጠርዝ አድርግ። ቪቴዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቅ። በስፒከሩና በሽፋኑ ወንፊት መካከል ያለውን ክፍተትም በፎም ቀለበት ዝጋው። ድምፁ ወደ አንተ ይምጣ እንጂ ከሽፋኑ ጀርባ አይዙር። የበር መቆለፊያ ዘንጎችን በጨርቅ ነገር ጠቅልላቸው። ባዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚንጫጩት እነሱ ናቸው።

አሁን ክፈተው። ቴፑ ውስጥ ሃይ ፓስ ፊልተር፣ ማለትም ከተወሰነ ቁጥር በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚያስቀር ነገር፣ ካለ 80 ኸርዝ ላይ አድርገው። ከዚያ በታች ያለውን 6.5 ኢንች ስፒከር በቅጡ አይሸከመውም፤ ወረቀቱን ብቻ ያደክመዋል። የስልክህን ድምፅ ሙሉ አታድርገው፤ ትንሽ ቀነስ አድርገህ በቴፑ ጨምር። የሚንጫጫ ነገር ለማግኘት ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ የሚያሰማ አፕ ጫንና ሽፋኑን በመዳፍህ እየተጫንክ ስማ። በገና ግን ለዚህ ፍተሻ አትክፈት። አሥሩም አውታር ከሥሩ በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራው ምክንያት በራሱ ስለሚነዝር በሩ ይሁን በገናው ሳትለይ ትመሻለህ። የወንድ ድምፅ ያለበት የሬዲዮ ዜና ይሻላል። አንባቢው ከዳሽቦርዱ መሃል አካባቢ የሚያነብ ከመሰለህ ሽቦህ ትክክል ነው። ከሁለት ጎን ተሰንጥቆ ከመጣ ወደ ባትሪ ድንጋይህ ተመለስ።

አምፕ አሁን አትግዛ። ይህን ሁሉ ሠርተህ ለጥቂት ሳምንታት ኮተቤን ተመላለስበት። ድምፁ ደስ ብሎህ ጉልበቱ ግን ካነሰህ ያኔ ለአንድ መስመር 50 ዋት አርኤምኤስ ያህል የሚሰጥ ትንሽ አምፕ ይጨመራል። ለአምፑ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ፊውዙ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ይገባል። ፊውዝ ሳያደርግ የሚዘረጋልህ ሰው ካጋጠመህ ኮፈኑን ዝጋና ሂድ።

ሥራውን ለዲኮር ቤት ከሰጠኸውም ቅር አይለኝም። ግን አስቀድመህ ተነጋገር። «ሽፋኑን ከመመለስህ በፊት ጥራኝ» በለው። ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል? ቀለበቱ ከምንድን ነው? ሥር ያሉት የውሃ መውጫዎች ክፍት ናቸው? መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ ይመለሳል? እነዚህን አይተህ በስልክህ ፎቶ አንሣ። ክፍያውን ከዚያ በኋላ ጨርስ። የድሮዎቹን ስፒከሮችም ተቀበለው፤ መኪናውን የምትሸጥ ቀን አዲሶቹን ነቅለህ እነሱን ትመልሳለህ።